እሳት የማይበላው ቀሚስ

«እሳት አይበላውም» የሚለውን ወሬ ወደ ቤቴ ያመጣችው ጎረቤቴ ዘሀራ ናት። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ኢንቨስትመንት የሚለው ቃል ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ጉሊት ድረስ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ከከተማው ዳርም አንድ ባለሀብት ትንሽ የመጋረጃ ጨርቅ ማምረቻ ከፍቶ ነበር። ዛሬ ግቢው መጋዘን ሆኗል፤ ስሙን ብጠራው ለማንም አይጠቅምም። ዘሀራ እዚያ ትሠራ ነበር፣ ጨርቁ መድኃኒት ጠጥቶ በሚደርቅበት ክፍል።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መሐረብ የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ይዛ መጣች። በሬ ላይ ቆማ ክብሪት ጫረችና ከጫፉ አስጠጋችው። ጨርቁ ጭብጥ ኩምትር አለ። ነበልባሉ ተከትሎት ሊወጣ ሲል ጠፋ። ደግማ ጫረች፣ አሁንም ጠፋ።

«አየሽ?» አለች አንገቷን ሰበቅ አድርጋ። «ፖሊስተር ነው። ግን እሳት አይበላውም። ለትልልቅ ሆቴል መጋረጃ ነው የምንሠራው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተደንቆ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ቁራጩን ከእጇ ነጠቅኳት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጄን ሰዓዳን ይጥላታል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምናመጣላት ኪኒን ያስታግስላታል እንጂ ጨርሶ አላቆመላትም። አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ተቃጥሏል፤ ሁለቱ ጣቶቿ እስከ ዛሬ አይዘረጉም። ከዚያ ወዲህ ማድ ቤት እንዳትገባ ከለከልኳት። ጓደኞቿ ወጥ መሥራት ተምረው ለእንግዳ ሲያቀርቡ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ዕውቀቴ ፍርሃቴ ነበር ብል ይቀላል። ውሃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፍቼ፣ አመዱን በእጄ ዳስሼ ነው የምሄደው።

ስለዚህ ዘሀራን «ለልጄ ቀሚስ የሚሆን አምጪልኝ» ብዬ ለመንኳት።

«መጋረጃ እኮ ነው።»

«ጨርቅ ጨርቅ ነው። ወላሂ ዘሀራ፣ ዱዓዬ እስከ ልጅ ልጅሽ ይደርሳል።»

ከጥቅሉ ጫፍ የሚቆረጠው ለሠራተኛ ይሰጥ ስለነበር አመጣችልኝ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት፤ እጅጌው ረጅም፣ ታችኛው ጫፍ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ሆነ። ሰዓዳ ስታየው ዘላ አቀፈችኝ።

«እማዬ፣ አሁን እሳት አይነካኝም ማለት ነው?»

«ኢንሻአላህ አይነካሽም» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ እየደጋገመች ጠየቀችኝ፣ እኔም ደስ እያለኝ ያንኑ መለስኩላት።

ታዲያ ከመልበሷ በፊት አጠብኩት። ምን እንደነካው የማላውቀውን ጨርቅ ለልጄ ለሰላት አላለብሳትም፤ ጠሃራ መሆን አለበት። በሳሙና አሽቼ፣ ውሃ እየቀያየርኩ፣ ሳፋው ውስጥ አረፋ እስኪጠፋ አለቀለቅኩት። የመጀመሪያው ውሃ ነጣ ያለና የሚያሙለጨልጭ ነበር። ቆሻሻው ወጣ ብዬ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ገና እንደረጠበ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። እኔ መቼም አንድ ነገር ሁለቴ ሳላይ አላምንም፤ ከውስጥ ከስፌቱ ትርፍ ላይ ጣት የምታህል ቆርጬ አደረቅኳትና ክብሪት ጫርኩባት።

ነደደች። እየነደደችም እንደ ሻማ ትንጠባጠብ ጀመር። ከእጄ ጥዬ በጫማዬ ረገጥኳት።

ያ ረቢ! ያው ጨርቅ፣ ያው ክብሪት! ሌላ ቆርጬ ሞከርኩ፤ እሷም ነደደች። ሰዓዳ ቤት ውስጥ ስለነበረች አላየችም። ደስታዋን ምክንያቱን ሳላውቅ ላፈርስባት አልፈለግኩም። «ቀሚሱ አልደረቀም፣ እስክመለስ እንዳትለብሽው» አልኳትና ዘሀራ እንድትጠብቃት ነግሬ ወጣሁ። ዘሀራ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ተቀምጣ ጸጉሯን ትሠራ ነበር። ለእሷም ስለ ቁራጩ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሰፈሩን ሁሉ ታሰማው ነበር።

ከማምረቻው በር ስደርስ ጥበቃው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫት ይቀነጥባል።

«ኢንጂነሩን ፈልጌ ነው።»

«የትኛውን?»

«ጨርቁን መድኃኒት የሚያጠጣውን።»

«መድኃኒት የሚያጠጣ ከሆነማ ሐኪም ነው፣ እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ስለምነው ቆይቼ የክፍል ኃላፊውን ጠራልኝ። ሰውዬው ቁራጬን አገላብጦ አየና «ይሄ የኛ አይደለም» አለ። የእናንተ ነው አልኩት። «የኛ ከሆነ አይነድም» አለኝ። እዚያው ክብሪት ጫርኩለት። ሲነድ አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«አጥበሽው ነው?»

«አዎ።»

«መጋረጃ ማን እጠቢ አለሽ?»

«ሳይታጠብ ይለበሳል? ልጄ ትሰግድበታለች።»

«ለበሰችው? መጋረጃ?» ወደ ጥበቃው ዞሮ «ነገ ደግሞ ምንጣፍ አገልድመው ይመጣሉ» አለ። ሁለቱም ተሳሳቁ። ለምን እንደሚነድ ንገረኝ ስለው ይሄ የኬሚካል ነገር ነው፣ አይገባሽም አለኝ። የሚገባው ማነው ብዬ ስጠይቀው ኢንጂነሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ነው። ሰኞ ነይ።

ለሱ ሰኞ ቅርብ ነው። ልጁን አይጥለውማ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ጥምዝምዝ ዳገት ስንወጣ ቁራጩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤዋለሁ። ጥበቃው ከቤት ምልክት ጋር የነገረኝ ሰፈር ሸዋ በር ነበር፤ ሦስት በር አንኳኩቼ አራተኛው ላይ አንዲት አሮጊት አከራይ «ዳዊት! እንግዳ መጣብህ» ብለው ተጣሩ።

ዳዊት ቀጠን ያለ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ላይ ሳሙና ነበር፤ ልብስ እያጠበ ደርሼበት ኖሯል። ከኮምቦልቻ መምጣቴን ስነግረው ደነገጠ።

«አደጋ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም። እንዳይደርስ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ቁራጩን ሰጠሁት። ገና ሳልነግረው በጣቱ አሽቶ «ታጥቧል» አለ። ቤት አስገብቶ ወንበር ሰጠኝና ማስረዳት ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

«እናቴ፣ እዚህ ጨርቅ ላይ ያለው ፎስፈረስ ያለበት ውህድ ነው።»

«ፎስፈረስ የክብሪቱ አይደለም እንዴ?»

«እሱ የክብሪቱ ሳጥን ጎን ላይ አለ።»

«ታዲያ እሳት የሚጭረውን ነገር ነው እሳት ይከላከልልኛል ብላችሁ ጨርቅ የምታጠጡት?»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ የማላገጥ አልነበረም። «ስሙ አንድ ነው፣ ጸባዩ የተለያየ ነው። ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሃድ እሳቱን ያንቃል።» ከዚያ ጨርቁ ገንዳ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠጣ፣ ከበሮ በመሰሉ ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መሃል እንደሚጨመቅ፣ በጋለ ምድጃ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ምድጃው በደንብ ከጋለ መድኃኒቱ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል። የነሱ ምድጃ ግን የሚፈለገውን ያህል አይግልም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ውሃና ሳሙና ሲያገኘው ይለቃል። መጋረጃው ላይም አትጠቡ የሚል እንዲጻፍ አስደርጓል።

ያ ነጣ ያለ የሳፋ ውሃ ትዝ አለኝ። ቆሻሻ ወጣ ብዬ ያመሰገንኩበት ውሃ።

«የማይለቅ የለም?» አልኩት።

ፊቱ በራ። ተነስቶ ከሻንጣው ሰማያዊ ቁራጭ አወጣ፤ ከውጭ አገር ለናሙና የመጣ ነው አለ። «በዚህኛው ፎስፈረሱ የገባው ክሩ ከመፈተሉ በፊት ነው። ፖሊስተሩ ሲሠራ፣ ገና እንደ ማር ወፍሮ ትኩስ እያለ አብሮ ይታሰራል። አንድ አካል ይሆናል።»

«ሊጥ ውስጥ እንደገባ ጨው በለኛ። የናንተ ደግሞ ዳቦው ላይ የተነሰነሰ።»

«እንደሱ ነው!» አለ። ሳፋው ውስጥ ነክሮ በሳሙና ፈተገው፣ ጨምቆ አደረቀው፣ ሻማ ለኩሶ አስጠጋው። ጨርቁ ከነበልባሉ እየሸሸ ተኮማተረ፣ ጥቂት ጠብታ ጣለ፣ እሳቱ ጠፋ። ብድግ አልኩ።

«ይሄን! ይሄንኑ ፈልግልኝ። ለልጄ ቀሚስ የሚሆን ብቻ!»

እጁ ሻማው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ለቀሚስ?»

«ይጥላታል። እሳት ላይ ትወድቃለች።»

ዳዊት ሻማውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ አሮጊቷ ለወጥ የላጡት ድንች ነበር። አንዱን አንስቶ በዚያ በሰማያዊው ጨርቅ ጠቀለለና ነበልባሉ ላይ ያዘው። ጨርቁ አልነደደም። ቀለጠ። መሸሻ ስላጣ ድንቹ ላይ ተለጠፈ። እሳቱን አንስቶ ጨርቁን ሲስበው የድንቹ ገላ አብሮ ተነሳ።

«መጋረጃ ሲሆን ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀልጦ ከእሳቱ ይሸሻል፣ ጠብታውም መሬት ላይ ይወድቃል። ነበልባሉ ወደ ጣሪያ አይወጣም። ሰው ሲለብሰው ግን ወዴት ይሸሻል? የቆመ ሰው እንኳ ሮጦ ይገላገላል። ወድቆ የማይነሳ ሰው… አይሆንም፣ እናቴ። ከተራ ጥጥ የባሰ ነው። ጥጥ ቢነድም ገላ ላይ አይቀልጥም። ጥጥን በፎስፈረስ የሚያክሙ አገሮች አሉ፤ እኛ ጋ የለም።»

«ዘሀራ እሳት አይበላውም አለችኝ!»

«እሳት አያዛምትም ነው የሚባለው። እሳት አይበላውም አይባልም። ለምን እንደፈለጉት ማንም አልጠየቀዎትም?»

«አንተስ መች ጠየቅከኝ? ስለ ምድጃህ ስትነግረኝ ነው የቆየኸው!»

አቀረቀረ። እኔም ወዲያው ቆጨኝ፤ ግን ንዴቴ ለሱ ብቻ አልነበረም። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሰው ሁሉ ጨርቁን ያውቃል፣ ልጄን የሚያውቅ የለም። ከዚያ በድንገት ገመዱ ላይ ያለው ቀሚስ ታየኝ። ፀሐይዋ ጠንክራለች። እስካሁን ደርቋል። ሳምንቱን ሙሉ «አይነካሽም» ብያታለሁ። ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅኩ አላውቅም።

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው። «ሞልቶ ነው የሚወጣው» አለ ረዳቱ። ያን ጊዜ ሞባይል የባለጸጋ ነበር፣ ሰፈራችን ደውዬ የማስጠራው ሰው የለኝም። ልጄ እሳት ላይ ናት እያልኩ ሾፌሩን ለመንኩት።

«ተቃጠለች?»

«አልተቃጠለችም።»

«ታዲያ?»

ምን ብዬ ላስረዳው? ድንቹን ልንገረው? አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። አላህማ ያውቃል፣ ሾፌሩ ነው እንጂ የማያውቀው። በመጨረሻ ሞላና ወጣን። ሐረጎ ላይ ደግሞ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። ሰዎቹ ወርደው ድንጋይ እያቀበሉ ይመካከራሉ፣ አንዱ ቆሎ ይቆረጥማል። ብወርድና ብሮጥ ብዬ ቁልቁል አየሁ፤ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ያን ያህል ቅርብ ሆና ያን ያህል የራቀችብኝ ጊዜ የለም።

ግቢዬ ስደርስ ገመዱ ባዶ ነበር። ከማድ ቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ዘሀራ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«እንኳን መጣሽ! ልጅሽ ሽሮ እየሠራች ነው። ቀሚሱ ሲደርቅ አልብሼያት እኔ ነኝ ግቢ ያልኳት። እስከ መቼ በር ላይ ታስቀምጫታለሽ?»

አልፌያት ሄድኩ። በማድ ቤቱ በር ቆምኩ። ሰዓዳ በአረንጓዴው ቀሚስ ቁጢጥ ብላ ድስቱን ታማስላለች። ጉልቻው መሬት ላይ ነው፣ የቀሚሱ ጫፍ ከፍሙ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። መጮህ አልቻልኩም። መደንገጥ እንደሚጥላት አውቃለሁ። ምላሴን ነክሼ፣ ድምፄን ከየትም አምጥቼ አለሳለስኩት።

«ሰዓዳዬ፣ ደከመኝ። እስኪ ውሃ አቀብይኝ።»

«እማዬ! ቆይ ይንተክተክ። ብቻዬን ነው የሠራሁት፣ ጨውም ለክቻለሁ።»

«ጎበዝ። ሽሮው የትም አይሄድም። ነይ፣ መጀመሪያ ውሃ።»

ዞራ ሳቀችልኝ። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። ዓይኗ እኔን አልፎ ግድግዳውን አየ። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በብብቷ ገብቼ ወደ ኋላ ስጎትታት የቀሚሷ ጫፍ ፍሙ ላይ ተጎተተ። ሲያያዝ አየሁት። በባዶ እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። እሳቱ እጄ ውስጥ ጠፋ፣ ጨርቁ ግን አልለቀቀኝም። እንደ ሙጫ መዳፌ ላይ ቀረ። ዘሀራ ስትጮህ ይሰማኛል። ሰዓዳን በጎኗ አስተኝቼ፣ መርገብገቧ እስኪያልፍ ድረስ በደህናው እጄ ጭንቅላቷን ያዝኩላት። ሽሮው ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው።

እግሯ ላይ ምንም አልነበረም። ከእሳቱ የሷን ድርሻ መዳፌ ወስዶታል። ጤና ጣቢያ ነርሷ ጨርቁን ስታነሳልኝ ዳዊት ጨርቁን ከድንቹ ሲስብ ያየሁትን በራሴ ገላ አየሁት።

አመሻሽ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ሰዓዳ አጠገቤ ተቀምጣ የታሸገ እጄን አየችው። ምን እንዳጋጠማት አታስታውስም፣ ከዘሀራ ነው የሰማችው።

«እሳት አይነካሽም ብለሽኝ ነበር።»

ስለ ገንዳው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ድንቹ ሁሉንም ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ሌላ ጨርቅ ትፈልጊልኛለሽ?»

«አላህ ካለ፣ እፈልጋለሁ።»

«ተይው» አለች። «እኔን ስታለብሺ ስታወልቂ ነው የከረምሽው። እሳቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ከመሬት አላነሳሽውም። እኔ የምወድቀው መሬት ላይ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ባለቤቴ ለካ በር ላይ ቆሞ ሰምቷታል። በማግስቱ ድንጋይና ጭቃ ማቅረብ ጀመረ። ወገብ የሚደርስ፣ ፊቱ በግንብ የተጋረደ፣ እሳቱ ወደ ውስጥ የገባ ምድጃ ሠራ። ድስቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ስለሆነ ቢገፉትም አይገለበጥም። ሰዓዳ ቆማ ታማስላለች። ከዚያ በኋላም ማድ ቤት ውስጥ ጥሏታል፤ የወደቀችው ግን እሳት በሌለበት ወለል ላይ ነው። አገጯ ቆስሎ ያውቃል፣ ተቃጥላ አታውቅም። ዛሬ ባል አግብታ ደጋን ከተማ ትኖራለች፣ እዚያም መጀመሪያ ያሠራችው ምድጃውን ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ፋብሪካ አልጠላም። ዳዊትም ደህና ልጅ ነው፤ ያ ሰማያዊ ጨርቅ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊያድን እንደሚችል ገብቶኛል። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ ነገር ጥሩ ነው ሲባል ለማን፣ የት፣ ምን ሲሆን ብለን ሳንጠይቅ ከአፍ ወደ አፍ እናሻግረዋለን፤ ስናሻግረው ደግሞ ቃሉን እናሳድገዋለን። «አያዛምትም» የነበረው እኔ ቤት ሲደርስ «አይነካሽም» ሆነ። እኔም መፍትሔ ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ከተማሩት ዘንድ፣ ካላየሁት አገር የሚመጣ እየመሰለኝ ቤቴ ውስጥ ያለውን ነገር አላየሁትም።

አሁን የሚጥላቸው ልጆች ያሏቸው እናቶች ከሐርቡም ከሌላም እየመጡ ያነጋግሩኛል። አንዳንዶቹ ያ ጨርቅ ዛሬም የት እንደሚገኝ ይጠይቁኛል። መዳፌን አሳያቸዋለሁ። ከዚያ እኔም እጠይቃቸዋለሁ፦

«እሳታችሁ የት ነው ያለው?»